የአባቴ የወገብ ሕመም ደብተር

አባቴ መተኛት ከጀመሩ አራተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። እንዲተኙ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ።

ያኔ በመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከድርቁ በኋላ ያሉት ዓመታት። በየጋራው እርከን ይሠራ ስለነበር የከተማው ነዋሪም ተራ እየደረሰው ለዘመቻ ይወጣል። ካህን ነኝ፣ ሸምግያለሁ ብሎ መቅረት አይቻልም። አባቴ የደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ በማኅሌት ለሰዓታት መቆም የማይከብዳቸው ሰው ነበሩ። በዚያን ቀን ለእርከኑ ድንጋይ ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ማለት አቃታቸው። "ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ" አሉ። በቃሬዛ ተሸክመው ቤት አስገቧቸው።

እኔም የተማርኩትን አደረግኩ። በማሠልጠኛ ደብተሬ ላይ ስለ ወገብ ሕመም የሰፈረችው አንዲት አጭር አንቀጽ ናት፦ ጠንካራ አልጋ፣ ፍጹም ዕረፍት፣ ማስታገሻ። ከፍራሻቸው ሥር ሳንቃ አስገባሁ፤ ትራሱን አነሣሁ። "አባዬ፣ እኔ እስክነግርዎ እንዳይንቀሳቀሱ" አልኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዝዙ የኖሩት አባቴ ለእኔ እንደ ጀማሪ ተማሪ ታዘዙ። ሳምንት ይበቃል ብዬ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ሊነሡ ሞክረው ጮኹ፤ ሌላ ሳምንት ጨመርኩ። እሱም አልቆ ሲሞክሩ ደግሞ ጮኹ። እንዲህ እየጨመርኩ አራት ወር ደረስን።

በመሐሉ ያልተሞከረ የለም። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸ። እናቴ ጠበል አመላለሰች። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከጁምዓ መልስ ብቅ እያለች "አብሽሩ የኔታ፣ አላህ አፊያ ያድርግዎ" ትላቸዋለች። እኔ ከጤና ጣቢያው መርፌም ኪኒንም አመጣለሁ። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ጠዋት ጠዋት ነው። ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካ አደርጋለሁ። "ተሰማዎት?" "ተሰማኝ።" "ይሄስ?" "ተሰማኝ።" ዐሥሩንም እስክጨርስ አልተነፍስም። ደሴ ስማር የአከርካሪ ቲቢ የያዘው አንድ ሰው አይቼ ነበር፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው ይመስል ዝም ብሎ ተጋድሞ ነበር። አባቴን ሳይ የሚታየኝ እሱ ነው። ባታቸውን በክር እለካለሁ፤ በየሳምንቱ ክሩ ላይ ቋጠሮ አስራለሁ፤ በየሳምንቱ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ይገባል። እግራቸው እየሟሸሸ መሆኑን ለማንም አልነገርኩም። ክሩን በነጭ ጋውኔ ኪስ ደብቄ እዞራለሁ።

ደግሞ ማዜም ተዉ። ድሮ እግራቸውን ሲታጠቡ እንኳ ድምፃቸው አይጠፋም ነበር። ተማሪዎቻቸው ለጥቂት ሳምንት እየመጡ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ኋላ ግን ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ጎረቤቱ ወረዳ፣ ወደ ከላላ ሄዱ።

በዚህ መሐል ነው ሴትዮዋ የመጣችው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ በአቀስታ በኩል በመንግሥት መኪና ገባች። ሥራዋ ጥናት ነበር፦ ለወራት ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ተኝተው ከሚከርሙ ይልቅ ጥቂት በጥቂት ቢንቀሳቀሱ ምን እንደሚሆኑ ማየት ትፈልጋለች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አብሬያት እንድዞር መደበኝ።

"ከሦስት ወር በላይ ወገቡን አሞት ከሥራ የቀረ ሰው ታውቂያለሽ?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

ውሃ ቀጂዎችን ነገርኳት። አናጢውን ነገርኳት። አባቴን ግን ዘለልኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አብሬያት ስዞር ቤታችን በር ላይ ስንደርስ እርምጃዬን አፈጥን ነበር። ያዘዝኩት ስሕተት ነው እንዳትለኝ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ የባሰ ፍርሃት አለ፦ ቢያንቀሳቅሷቸውና አንድ ነገር ቢበጠስስ?

በሦስተኛው ቀን ማታ ቤት ስገባ አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"የወገብ ሐኪም መጥታለች አሉ።"

ጎረቤታችን ነግራቸዋለች።

"አዎ አባዬ።"

"ከአንቺ ጋር ነው የምትዞረው አሉ።"

ነጠላዬን አወልቄ ሰቀልኩ።

"እንግዲህ እኔም ወገብ አለኝ" አሉና ፊታቸውን መለሱ።

በማግስቱ ይዣት መጣሁ። ቶሎ አልነካቻቸውም፤ አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀምጣ ብዙ ጠየቀች። ትኩሳት አለዎት? ላብ ያጠምቅዎታል? ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ከጭንዎ መሐል የሚደነዝዝዎት ቦታ አለ? እያንዳንዱን ጥያቄ እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታች፤ አውራ ጣታቸውን እንዲገፏት አደረገች፤ አከርካሪያቸውን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቷ ተጫነች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ክሩን እጠመልል ነበር።

"አጥንትዎ ደኅና ነው። ነርቭዎም ይሠራል" አለች በመጨረሻ። "ይህን ያህል ጊዜ እንዲተኙ ማን አዘዘዎት?"

እናቴ እኔን አየች። እኔ መሬት አየሁ።

"ማንም አላዘዘኝም" አሉ አባቴ። "ፈርቼ ነው የተኛሁት።"

ልጅነቴን ሁሉ ስለ ውሸት ሲገርፉኝ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ሲዋሹ የሰማሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው።

"መፍራትዎ አይገርምም" አለች። "ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ በሐሳብዎ የፈጠሩት አይደለም። ግን አሁን ባመመዎት ቁጥር አንድ ነገር ተበጠሰ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳት ድሮ ድኗል። ጡንቻዎ ሥራ ፈትቶ ደክሟል፤ ሰውነትዎም ጥቂት ሲነኩት ብዙ መጮህ ለምዷል። ቀስ ብለን እናስለምደዋለን።"

ጎናቸውን አስዙራ፣ በክርናቸው አስደግፋ አስነሣቻቸው። እግራቸው መሬት ሲነካ አባቴ ያወጡት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። "ተዪያቸው!" ብዬ ጮኽኩ። ሳትቆጣ፣ ረጋ ባለ ድምፅ "እህቴ፣ ውጪ ጠብቂን" አለችኝ። በር ላይ ቆሜ በቀዳዳ አየሁ። አባቴ ቆመዋል። ጉልበታቸው እንደ ቄጠማ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቆመዋል።

ያዘዘቻቸው ነገር ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከአልጋ እስከ በር፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ እስከ አጥር። ቀጥሎ በመንገዱ ማጠፊያ እስካለው ባሕር ዛፍ፣ ከዚያም እስከ ወፍጮ ቤት። "ባመመዎት ቀን እንዳይቀንሱ፤ በተሻለዎት ቀንም እንዳይጨምሩ። የተባለውን ያህል ብቻ" አለቻቸው። ከዚያም ደብተር ሰጥታ በየቀኑ የደረሱበትን ቦታ፣ የሄዱትን እርምጃ፣ የሕመሙንም መጠን ከዜሮ እስከ ዐሥር እንዲጽፉ ነገረቻቸው።

አባቴ ደብተሩን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ የትናንቱም ስድስት የዛሬውም ስድስት ቢሆን አንድ ናቸው ማለት ነው?"

"እንዴት ይለያያሉ?"

"የትናንቱ ይዞ የማይለቅ ነበር። የዛሬው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመለሳል። ቁጥር ይህን አያውቅም።"

"ታዲያ እርስዎ በምን ይጽፉታል?"

አባቴ እርሳሱን ተቀብለው ከቁጥሩ ጎን አንዲት ነጥብ፣ ቀጥሎም ሌሎች ምልክቶች አደረጉ። በዜማ ትምህርት ከፊደል በላይ የሚቀመጡት ምልክቶች ናቸው፤ ድምፅ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የሚነግሩ። "ይህ ይዘት ነው" አሉ፤ "ይዞ የቆመ ሕመም። ይህ ቁርጥ። እነዚህ ተከታትለው የሚወርዱት ነጥቦች ርክርክ ናቸው፤ እስከ እግር እየተርገበገበ የሚወርደው።" ሴትዮዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ግን የእያንዳንዱን ትርጉም በራሷ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ገለበጠች። ሁለት ሳምንት እየመጣች አሠራቻቸውና ሌሎች ሕመምተኞቿን ለማየት ወደ ከላላ ተሻገረች። ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ልትወስድ እመለሳለሁ አለች።

እሷ ስትሄድ ፍርሃቱ ሁሉ እኔ ላይ ቀረ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲወጡ እኔ ከኋላ ከኋላ እጄን ዘርግቼ እከተላለሁ፤ ሊወድቅ ያለ እንስራ የምጠብቅ ይመስል። ደኅና ቀን ነበር፤ ክፉ ቀንም ነበር። በአንድ ዝናባማ ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው እንባቸው ጺማቸው ላይ ሲወርድ አየሁ።

"ዛሬ ይረፉ አባዬ" አልኳቸው። አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ።

"የዛሬው ስንት ነው የተባለው?"

"እስከ ባሕር ዛፉ።"

ተነሡ። እየተነፈሱ፣ እያቃሰቱ፣ ባሕር ዛፉን በመዳፋቸው ነክተው ተመለሱ። ደብተሩ ላይ ስምንት ጻፉ፤ ከጎኑ ርክርክ።

ወፍጮ ቤት በደረሱበት ሰሞን ፍተሻ ሆነ። ሰሜኑ ታውኮ ስለነበር በየቀበሌው ቤት ለቤት ይፈተሽ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቤታችን ገብተው ደብተሩን ከአባቴ ራስጌ አንሥተው ወሰዱት። ቀትር ላይ ሰው ተልኮ ከጤና ጣቢያው ተጠራሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ። ወጣት ነው፤ ድምፁን አያነሣም፤ ይሄ የበለጠ አስፈራኝ።

"ይህን ያስረዱኝ" አለ። "ቀን አለ። ቁጥር አለ። 'እስከ በር፣ እስከ ባሕር ዛፍ፣ እስከ ወፍጮ ቤት' ይላል፤ እርምጃው ሳይቀር ተቆጥሯል። ከጎኑ ደግሞ የማይነበብ ምልክት። መንገድ የሚለካው ለማን ነው?"

ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በእሱ ዓይን አየሁት፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ወገብ ተርበተበትኩ። የተላከችበት ደብዳቤ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እሷው ዘንድ፣ ከላላ።

"እንግዲያው የጻፈው ሰው ራሱ ይምጣና ያስረዳ።"

"አባቴ እዚህ ድረስ መሄድ አይችሉም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ወገባቸው—"

"ደብተሩ ይሄዳሉ ይላል" አለ፤ ጣቱን ገጹ ላይ አሳርፎ። "ወይ ይሄዳሉ፣ ወይ ደብተሩ ውሸት ነው።"

አንዱን ጠባቂ ወደ ቤት ላከ፤ እኔን መስኮቱ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከወፍጮ ቤቱ አልፎ ነው፤ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤት ያለውን ያህል ደግሞ ይቀራል፤ ያውም ዳገት። እንዲህ ዓይነት መንገድ ከታመሙ ወዲህ ረግጠው አያውቁም። በልቤ ቆጠርኩ፦ አሁን አጥሩ ጋ ናቸው፣ አሁን ባሕር ዛፉ ጋ። መሐል መንገድ ላይ ወገባቸው ቢይዛቸውስ? ጠባቂው ቢያዋክባቸውስ? ቢወድቁ በቃሬዛ የሚያነሣቸው ማነው? እኔ ከዚህ መንቀሳቀስ አልችልም።

ከመንገዱ ጫፍ መጀመሪያ የታየኝ ነጭ ጥምጥማቸው ነው። ጥቂት ይሄዳሉ፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው ይቆማሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። እናቴ በአንድ በኩል፣ ጠባቂው በሌላ በኩል። ጠባቂው ሳይቸኩል ቆሞ ሲጠብቃቸው አየሁ። ያን መንገድ ለመጨረስ የፈጀባቸውን ጊዜ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ቀኑ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሊቀመንበሩ ሳያስበው ብድግ አለ።

"ይቀመጡ የኔታ።"

"መቀመጥ ይብስብኛል ልጄ። ቆሜ ላስረዳ።"

ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። "ይህ ሰኞ ነው። ቁጥሩ ስድስት ነው፤ የሐኪሟ ቁጥር ነው። ይህ የእኔ ነው" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ምልክቶቹን በዜማ አሰሟቸው። ቃል የለውም፤ ድምፅ ብቻ። አንድ ቦታ ይይዛል፣ ይቆያል፣ በድንገት ይቆረጣል፣ ከዚያ እየተርገበገበ ይወርዳል። ማክሰኞን አስከተሉ። ረቡዕን አስከተሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ መሐል መሐል ላይ ይሰበራል። ከታመሙ ወዲህ ሲያዜሙ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደስ እንዳይለኝ ግን ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው። ይወድቃሉ ብዬ ከአግዳሚው ግማሽ ተነሥቼ ቀረሁ።

ሐሙስ ላይ ሲደርሱ አምጥቷቸው የነበረው ጠባቂ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "ወላሂ እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ" አለ። "ይሄ ሲወርድ የሚርገበገበው። ጠዋት ጫማዬን ሳስር።"

ሊቀመንበሩ ገላመጠው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ።

"ይሂዱ የኔታ። ደብተሩ ይቆያል።"

ወደ ቤት የተመለሱት በጎረቤት በቅሎ ነው። ሁለት ቀን ጨርሶ መነሣት አቃታቸው፤ እኔም ያ የመርፌና የእግር ጣት ፍርሃት ተመልሶ መጣብኝ። "የተባለውን ያህል ብቻ" የተባለውን አስጥለዋቸው ገደሏቸው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሳቸው ጎናቸውን ዞረው በክርናቸው ተነሡ። "ከአጥር እንጀምር" አሉ። ተስፋ ቆርጠው ወደ በሩ አልተመለሱም፤ ወደ ወፍጮ ቤትም አልቸኮሉም። ደብተር ስላልነበረ በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፉ ጀመር።

ደብተሩ የት እንደደረሰ አናውቅም ነበር። አውራጃ ተልኳል የሚል ወሬ ሰማሁ። ለሳምንታት የበሩን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ መርፌ ስወጋ እንኳ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቀን ያ ወገቡን የሚያመው ጠባቂ ይዞት መጣ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ፣ በዜማው ምልክቶች መሐል ሳይቀር፣ ክብ ማህተም ተመትቶበታል። ጠባቂው ደብተሩን አስረክቦ አልሄደም፤ "እስቲ ያቺን ከአልጋ ሲነሡ ያየኋትን አነሣሥ አሳዩኝ" ብሎ አባቴ አጠገብ ተቀመጠ።

ሴትዮዋ በቀጠሮዋ መጣች። ማህተሙን እያየች ሳቀች፤ ስለ ቀበሌው ስንነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ፤ "በእኔ ደብተር ምክንያት" አለች። አባቴ በዚያን ሰሞን ማኅሌት ግማሹን ቆመው ግማሹን ተቀምጠው መድረስ ጀምረው ነበር። ሕመሙ ለቋቸው አይደለም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። ብርድ ሲሆን ይነሣል፤ ይውላል፤ ይሄዳል። ስለሌሎቹ ስጠይቃት ሁሉም እንዳልተሻላቸው ነገረችኝ። ከላላ ያለች አንዲት ሴት ውሃውን የሚቀዳላት ሰው ስላልነበረ ጥናቱን ትታለች። ግኝቱ ታትሞ እንደሆነ አላውቅም፤ አንብቤውም አላውቅም።

መኪናው ድረስ ስሸኛት ነገርኳት።

"አባቴን ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ። ዋሽተውሽ ነው።"

"ያኔውኑ አውቄያለሁ" አለች። "እኔም እንደተመረቅኩ ሰሞን ሰው አስተኛ ነበር። ስንቱን እንዳስተኛሁ አስቤው አላውቅም።" ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎኝ ጠበቅኩ፤ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከዚያ ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን አንዲት ሴት በባሏና በወንድሟ ትከሻ ተደግፋ ጤና ጣቢያ መጣች። እንጨት ተሸክማ ወገቧን ይዟታል። አልጋው ላይ ወጥታ ተጋድማ "አታንቀሳቅሱኝ" ትላለች። ጠየቅኳት፤ ትኩሳት የለም፣ ሽንት ደኅና ነው። ጉልበቷን መታሁ፤ ጣቶቿን አስገፋኋት፤ አከርካሪዋን ከላይ እስከ ታች ተጫንኩ። አንዱን ዘልዬ ይሆናል ብዬ ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። ባልየው "ምነው፣ ከበደ እንዴ?" አለኝ። መዳፌን ጋውኔ ላይ ጠረግኩ።

"በጎንሽ ዙሪልኝ" አልኳት። "በክርንሽ ተደገፊ። እኔ ይዤሻለሁ።"